የእትዬ ብርቄ የክር ቆርቆሮ

ነገሩ የደረሰው አምና ጥር ላይ፣ ሠርግ በሠርግ ላይ በሚደራረብበት ሰሞን ነው። ዓመት አልፎታል። እስከ ዛሬ ግን ጥልፍ ያለበት ሀገር ልብስ የለበሰች ሴት ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ሲለኝም ፊቴ ይግላል። ለጓደኞቼ ግማሹን አውርቼዋለሁ፣ ያውም እኔን ደህና አድርጎ የሚያሳየውን ግማሽ። እዚህ ሙሉውን ልናገር።

ወይንሸት እባላለሁ። የምኖረው ሰበታ ነው፤ ያኔ ዕድሜዬ አርባ ሦስት ነበር። በአንድ የግል ድርጅት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ፋይል በተራ በተራው ስደረድር ኖሬያለሁ። ይህን የምናገረው በከንቱ አይደለም። በኋላ ጣጣ ያመጣብኝ ይኸው የመደርደር አመሌ ነው።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ የወሩ እኩሌታ መንገድ ላይ ነው። ቤቱ ጭር አለብኝ። ከሥራ መልስ ስልኬን ስነካካ አመሻለሁ፣ ከዚያ እተኛለሁ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ይህን አይታ፣ "አንቺ ለምን ጥልፍ አትማሪም? እትዬ ብርቄ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምራሉ እኮ" አለችኝ። እናቴ በልጅነቴ ትራስ ልብስ ላይ በቀይ ክር "ደህና እደሩ" ብላ ስትጠልፍ አጠገቧ እቀመጥ ነበርና ልቤ ሄደ።

እትዬ ብርቄ ሰባን የተሻገሩ ሴት ናቸው። በእኛ አካባቢ የእጅ ጥልፍ ከተባለ ከእሳቸው ቀድሞ የሚነሳ ስም የለም። ዛሬ ጥልፉ ሁሉ በማሽን ሆኗል፤ የእጅ ሥራ የሚፈልግ ሰው ግን ከአዲስ አበባም ይመጣባቸዋል። ቤታቸው አንድ ክፍልና በረንዳ ናት። በረንዳው ላይ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ይቀመጣሉ። አጠገባቸው አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ አለች፤ ውስጧ በካርቶን ተከፋፍሎ እያንዳንዱ የክር ቀለም የየራሱ ቤት አለው።

የመጀመሪያው ቀን የነገሩኝ አንድ ነገር ነው። "ስትጀምሪም ስትጨርሺም ክር አትቋጥሪ። ጫፉን ከጀርባ በጥልፉ ሥር አሳልፈሽ ደብቂው። ቋጠሮ ገላ ይቆረቁራል፣ ሲታጠብም ይፈታል። የጥልፍ ሙያ የሚታየው በጀርባው ነው።"

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ገዶኝ! እኔ የሽንኩርት ፌስታል እንኳ ሁለት ጊዜ ቋጥሬ የምይዝ ሴት ነኝ። ካልቋጠርኩት የሚፈታ እየመሰለኝ፣ እሳቸው ዞር ሲሉ ቋጠር አደርጋለሁ።

ከእኔ ጋር የምትማር አንዲት ልጅ ነበረች። ታሪኳ ትባላለች። ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። የሌሊት ሽፍት አድራ፣ ዓይኗ ቀልቶ ትመጣለች። መዝሙር በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች ትቀመጣለች። መርፌ ስትይዝ ግን እጇ ከእሷ በፊት የተወለደ ይመስላል። ከእኔ አንድ ዓመት ቀድማ ነው የጀመረችው።

መጀመሪያ ወድጃት ነበር። ከዚያ "እትዬ ወይንሸት" አለችኝ። እትዬ ብርቄን በምትጠራበት አፏ እኔንም እትዬ! "ወይንሸት በይኝ" አልኳት። "እሺ እትዬ" አለችና መርፌዋን ቀጠለች።

እሱስ ቀላል ነበር። ያንገበገበኝ የእትዬ ብርቄ ነገር ነው። ታሪኳን አጠገባቸው ያስቀምጧታል። ክር በመርፌ የምታስገባላቸው እሷ፣ ቆርቆሮዋን የምታቀርበው እሷ፣ ጆሯቸው ሥር የምታንሾካሽክ እሷ። እኔ አንድ ቀን መርፌውን ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ፣ "ተይው፣ ታሪኳ ታስገባዋለች" አሉኝ። በልቤ "ታሽቃብጥ" አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማየው ሁሉ ማሽቃበጥ ሆነ።

ሁለት ወር ሙሉ ለፍቼ በትራስ ልብስ ላይ ፒኮክ ወፍ ጠለፍኩ። ሰባት ዓይነት ቀለም። የጅራቱን ሰማያዊ ለማግኘት መርካቶ ድረስ ሄጃለሁ። በኩራት አምጥቼ ጭናቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። እትዬ ብርቄ ፊቱን አላዩትም። ገለበጡት፣ በአውራ ጣታቸው ጀርባውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና "ቋጠሮ አለው" ብለው መለሱልኝ። በቃ። ታሪኳ ደግሞ በአንድ ቀለም ብቻ የጠለፈቻትን መሐረብ ሰጠቻቸው። መሐረቧንም ገልብጠው ዳበሱና ፊታቸው በራ። "ይሄ ነው እጅ" አሉ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ እንባዬ መጣ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው እኮ። የትርፍ ጊዜ ነገር ነው፤ እንጀራዬ አይደለም። ግን ቅናት ዕድሜ አይቆጥርም፣ አንጀቴን በላው። ማታ ማታ ተኝቼ የልጅቷን ጣቶች አስባለሁ። አንዳንዴ እንደውም በመርፌ ብትወጋ ምናለበት እላለሁ።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል አዴ ጫልቱ መጡ። አዴ ጫልቱ ዓለም ገና ከተማ ላይ የሀገር ልብስ ሱቅ ያላቸው፣ ሲስቁ ግቢው የሚሰማላቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው በጥር መጨረሻ ታገባለች። "አካም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ" እያሉ ገቡና ነጩን ቀሚስ አወጡ። ከአንገት እስከ ጫፍ የሚወርድ ሐረግ ይጠለፍበታል፤ ሐረጉ ወርቅማ፣ አበባው ወይን ጠጅ። ሲወጡ የታሪኳን መሐረብ አነሱ፣ ገልብጠው አዩ፣ ከዚያ ልጅቷን አዩ። "ሠርጉ ይለፍና ሱቄ አስገባሻለሁ። ከዚያ ፋብሪካ ትወጫለሽ" አሏት።

ታሪኳ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሽፍት ማደር ጤናዋን እየነሳት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔም "እንኳን ደስ አለሽ" አልኳት። አፌ ነው ያለው። እኔ ሥራ አለኝ፣ ሱቅ ተቀምጬ ልጠልፍ አልፈልግም። ግን ለምንድን ነው የእኔን ፒኮክ ማንም ገልብጦ ያላየው? አይ፣ እሱማ ባይገለበጥ ነበር የሚሻለው።

ጥር ገባ። በሰሞኑ ፋብሪካው ሥራ በዝቶበት ታሪኳን ሁለት ሽፍት ያስደርባት ጀመርና ቅዳሜ ቀረች። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔና እትዬ ብርቄ ብቻችንን ሆንን። ቀሚሱ እስከ ወገቡ ተጠልፎ አልቋል፤ ውበቱ አይነገርም። ትንሽ ቆይተው ጎረቤት ለቅሶ ደርሰው ሊመጡ ወጡ።

እኔም ቆርቆሮዋን ከፈትኳት። የክሩ አቀማመጥ ግራ ነው። ወርቅማው ከጥቁር ጎን፣ ቅጠልያው ከሮዝ ጎን፣ ነጩ መሐል ላይ። ይህን የምታስቀምጥ ታሪኳ ናት አይደል? ዝርክርክ፣ አልኩ በልቤ። ሥርዓት ምን እንደሆነ ላሳያት። ክሩን ሁሉ አወጣሁ። ከፈዛዛው ወደ ደማቁ፣ ከደማቁ ወደ ጥቁሩ አድርጌ ደረደርኩት። የተንዠረገገውን ጠቀለልኩና ጫፉ እንዳይፈታ እያንዳንዱን ቋጠርኩት። ስጨርስ ቆርቆሮዋ የመዝገብ ቤት መሳቢያ መሰለች። እትዬ ብርቄ ሲከፍቷት ተገርመው "ማን ነው እንዲህ ያሳመራት?" ሲሉኝ ይታየኛል። ያኔ "እኔ ነኝ" እላለሁ።

እሳቸው ግን ከጎረቤት ሴትዮ ጋር እያወሩ ተመለሱ፤ ቆርቆሮዋንም አልከፈቷትም። ራሳቸው አግኝተውት ይገረሙ ብዬ ምንም ሳልናገር ሄድኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስደርስ ታሪኳ በር ላይ አገኘችኝ። ሳምንቱን ሙሉ እንዳልመጣች፣ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣች ነገረችኝ። አብረን ገባን። አዴ ጫልቱ ቀሚሱን ሊያዩ ቀድመውን መጥተዋል። እትዬ ብርቄ ፈገግ ብለው የታጠፈውን ቀሚስ ሰጧቸው። "አልቋል ማለት ይቻላል፤ ጫፉ ብቻ ነው የቀረው" አሉ።

አዴ ጫልቱ ዘረጉት።

ከአንገት እስከ ወገብ ያ የሚያምረው ወርቅማ ሐረግ አለ። ከወገብ በታች ሐረጉ ቅጠልያ ነው። አበቦቹም ሰማያዊ። ጥልፉ አንድ ዓይነት፣ እጁ አንድ ዓይነት፣ ቀለሙ ሌላ። ከላይ ሙሽራ ከታች የመስክ ሣር።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ አዴ ጫልቱ። ድምፃቸው ቀጭን ሆነ። "እትዬ፣ ይሄ አረንጓዴ ምንድን ነው? ሠርጉ እኮ የዛሬ ሳምንት ነው።"

እትዬ ብርቄ እጃቸውን ዘረጉ። ቀሚሱን ወደ ዓይናቸው አላስጠጉትም። በጣታቸው ጥልፉን እየዳበሱ ከላይ ወደ ታች ወረዱ፣ ወገቡን አለፉ፣ ምንም ሳያገኙ ቀጠሉ። ያኔ ገባኝ። ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው የሚቀመጡት፣ ፒኮኬን ያላዩት፣ መርፌ የምታስገባላቸው ልጅ፣ ማንሾካሾኩ፣ ግራ የመሰለኝ የክር አቀማመጥ። ሴትዮዋ ቀለም አይለዩም። ክሩን የሚያገኙት በቦታው ነው። ቦታውን ደግሞ እኔ አጥፍቼዋለሁ።

አፌን ልከፍት ነበር። እውነት ለመናገር የምከፍት መስሎኝ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች ታሪኳ።

ሁላችንም ዞር አልን። "ከወገቡ በታች እኔ ነኝ የጠለፍኩት። መብራት ጠፍቶ ነበር፣ እኔም ሽፍት አድሬ እንቅልፍ ይዞኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። አንገቷን ደፍታለች።

አዴ ጫልቱ ወደ እሷ ዞሩ። "በልጄ ሠርግ ልብስ ላይ?" አሉ። "እኔ አንቺን አምኜ ሱቄ ላስገባ ነበር። የሰው ልብስ በእንቅልፍ ልብ ይጠለፋል? በቃ፣ እሱ ነገር ይቅር።" ለእትዬ ብርቄ "እስከ ዓርብ አስተካክሉልኝ፤ ካልሆነ ሌላ እገዛለሁ" ብለው ወጡ። ሰላምታ እንኳ አልሰጡንም።

እኔ ቆሜያለሁ። በረንዳው ላይ የክር ቆርቆሮዋን እያየሁ ቆሜያለሁ። ልጅቷ ከዓመት በላይ የለፋችበትን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ስትጥለው፣ እኔ አንዲት ቃል አላወጣሁም።

እትዬ ብርቄ ቆርቆሮዋን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። አንዱን ክር አንስተው ጫፉን ፈለጉ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን።

"ወይንሸት" አሉኝ። "ማክሰኞ ለት ክር ሳነሳ ቋጠሮ አገኘሁ። ልታግዘኝ ብላ ጠቅልላዋለች አልኩና ፈታሁት። ቦታውን ትለውጪዋለሽ ብዬ አላሰብኩም። መርፌና ክሩን እየሰጠኋት ጎረቤቴ ታስገባልኝ ነበር፤ እሷም ምን ቀለም እንደሆነ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። በዚህ ቤት ክር የሚቋጥር ካንቺ በቀር ማን አለ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። "ላስደስትዎት ብዬ ነው" ማለት ጀመርኩና አቆምኩ። ውሸት ነው። "ቀንቼ ነው" አልኩ። "በታሪኳ ቀንቼ ነው። እኔ ከእሷ እሻላለሁ እንዲሉኝ ፈልጌ ነው።" ስናገረው ለራሴም አስቀያሚ ሆኖ ተሰማኝ።

እትዬ ብርቄ ክሩን ወደ ቆርቆሮዋ መለሱ። ከዚያ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ እንደጋረዳቸው፣ ሁለት ዓመት እንዳለፈው፣ ዓይኗ ለደከመ ሴት ማን የሠርግ ልብስ ይሰጣል ብለው እንደደበቁት፣ የምታውቀው ታሪኳ ብቻ እንደሆነች ነገሩኝ። "እኔም ዛሬ ዓይኔን ልደብቅ ብዬ ልጅቷን አሳልፌ ሰጠኋት" አሉ። "አንቺን ብቻ ምን እላለሁ።"

ታሪኳን ይቅርታ ልጠይቃት ተጠጋሁ። ይህች ልጅ መዝሙር ስለምታንጎራጉር ወዲያው "ግድ የለም" የምትለኝ መስሎኝ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። "እኔ የዋሸሁት ለእሳቸው ብዬ ነው፣ ለእርስዎ አይደለም" አለች። "ክሩን ሲቀይሩ የሚያመጣውን አላወቁም፣ እሺ። ዝም ማለትዎን ግን አልረሳውም።" ከዚያ መቀስ አነሳችና ጥልፉን መተርተር ጀመረች።

ሰኞ ከመሥሪያ ቤቴ የዓመት ፈቃድ ጠየቅኩ። አምስት ቀን በዚያ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። እኔ ቅጠልያውን ክር አንድ በአንድ ተረተርኩ። ጨርቁ እንዳይቀደድ እስትንፋሴን ይዤ ነው። ክሩን በድሮው ቦታ ታሪኳ እየነገረችኝ መለስኩት። ወርቅማውን አስገብቼ ለእትዬ ብርቄ እሰጣለሁ፣ ወይን ጠጁን አስገብቼ ለታሪኳ እሰጣለሁ። እሷ ከሽፍት መልስ እየመጣች ነው የምትሠራው። ከሥራ በቀር አላናገረችኝም። "ክር" ትለኛለች፣ እሰጣታለሁ። እኔም ያንን የእጇን አካሄድ በቅርብ አየሁት። ምን ያደርጋል፣ በዚያ ሁሉ እፍረት መሐል እንኳ ቀናሁባት።

ዓርብ ቀሚሱን እኔ ላድርስ አልኩ። እትዬ ብርቄ ገባቸው። "ስትሄጂ እውነቱን ንገሪያት" አሉኝ። "የዓይኔንም ጭምር። ከዚህ በኋላ በልጅቷ ላይ አልደበቅም።"

ባጃጅ ያዝኩ። የባጃጁ መስታወት ላይ በትልቁ "ምቀኛ አታሳጣኝ" የሚል ተለጥፏል። ዓለም ገና እስክንደርስ ፊት ለፊቴ ነበር። ሹፌሩ በመስታወቱ ሲያየኝ የሚያውቀኝ መሰለኝ።

አዴ ጫልቱ ቀሚሱን ዘርግተው ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ገልብጠው ጀርባውንም አዩት። ፊታቸው ፈታ አለ። ያኔ ነገርኳቸው። ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ እስኪወጡ ብጠብቅ ሐሳቤን እንደምለውጥ ስለማውቅ እነሱ እየሰሙ ነገርኳቸው። ቆርቆሮዋን፣ ቅናቴን፣ የእትዬ ብርቄን ዓይን፣ የታሪኳን ውሸት፣ የእኔን ዝምታ። ስጨርስ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

አዴ ጫልቱ ቀሚሱን ቀስ ብለው አጠፉት። "አንቺ የስንት ዓመት ሴት ነሽ?" አሉኝ።

"አርባ ሦስት።"

"በአርባ ሦስት ዓመትሽ ሃያ ዓመት ባልሞላት ልጅ!" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሃያ ሁለት ናት ብዬ ላርማቸው ፈልጌ ተውኩት። "ሂጂ በይ። ሠርጉ ይለፍ፣ አስብበታለሁ።" ለሠርጉም አልጠሩኝም። መቼስ ምን ብለው ይጥሩኝ።

ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ ለታሪኳ ደወሉላት። አሁን ዓለም ገና ሱቁ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ትጠልፋለች። ፊቷ ሞላ ብሏል፣ ዓይኗም አይቀላም። አዴ ጫልቱ እትዬ ብርቄንም አልተዉዋቸውም። ሆስፒታል ወስደው አንዱን ዓይናቸውን አሠርተውላቸዋል።

ፋሻው ከተፈታ በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እትዬ ብርቄ "እስቲ ያን ወፍሽን አምጪው" አሉኝ። ሮጬ ቤቴ ሄጄ አመጣሁት። በዚያች በተሠራችው ዓይናቸው ፒኮኬን አዩት። ሰማያዊውን ጅራት በጣታቸው ተከተሉት። "ይሄን ቀለም ራስሽ ነሽ የመረጥሽው?" አሉኝ። አዎ አልኩ። "ሲያምር" አሉ። ገልብጠው አላዩትም። ስንት ቀን የተመኘሁትን ቃል አገኘሁት፤ ሳገኘው ግን አልጮህኩም፣ አልዘለልኩም። አቀርቅሬ አለቀስኩ።

ታሪኳና እኔ ዛሬ ሰላም ነን። ጓደኛሞች ነን ለማለት አልደፍርም። ስታየኝ "እትዬ ወይንሸት" ትለኛለች፤ አሁን ስሙ ይገባኛል፣ እኔም ወይንሸት በይኝ አልልም። ጥልፌን አልተውኩም። ቋጠሮም ትቻለሁ፣ ማለቴ እየተውኩ ነው።

ቅናቱስ ተወሽ ወይ ለሚለኝ ግን አልዋሽም። በዓለም ገና ባለፍኩ ቁጥር ወደዚያ ሱቅ ጎራ እላለሁ። የታሪኳ ቀሚሶች በር ላይ ተሰቅለው ይውላሉ። ማንም እንዳላየኝ ግራና ቀኜን አይቼ የአንዱን ጫፍ እገለብጣለሁ። ጀርባውን በአውራ ጣቴ ዳበስ አደርጋለሁ። አንዲት ቋጠሮ፣ አንዲት ብቻ ባገኝ ብዬ ነው።

እስከ ዛሬ አላገኘሁባትም።